ቡችላው ከመታሰሩ በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በአዲስ አበባ መኪና በሚበዛበት አንድ አደባባይ አጠገብ አንድ ወጣት የዘይት ካርቶን ታቅፎ ቆሟል። በካርቶኑ ውስጥ አራት ቡችሎች ተደራርበው ተኝተዋል፤ አንዱ ብቻ ነቅቶ የካርቶኑን ጠርዝ ያኝካል። አንድ አባት መኪናውን ጥግ አስይዞ መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ፣ ከኋላ የተቀመጠችው ልጁ ቀድማው አንገቷን አወጣች።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሁለት ወር ሞልቶታል፣ ጋሼ። እናቱ ጀርመን ሸፐርድ ናት። ሲያድግ በግቢዎ ዝር የሚል ሰው አይኖርም።»

«ኃይለኛ ይሆናል?»

«እሱማ በእርስዎ እጅ ነው። ቶሎ በሰንሰለት ይሰሩት፤ ከሰው እንዳያላምዱት። ያኔ ያዩታል።»

ወጣቱ የቡችላውን ጤንነት ለማሳየት ከንፈሩን ገለጥ አደረገው። የፊት ጥርሶቹ ብቅ ብለዋል፤ የኋላው ድድ ግን ገና ባዶ ነው። የቡችላ የወተት ጥርስ ከሦስተኛው ሳምንት ግድም ጀምሮ ይበቅልና ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆነው 28ቱም ወጥተው ያልቃሉ። እንግዲህ ይህ ቡችላ ሁለት ወር አልሞላውም፤ አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ዋጋው ተቆረጠ፣ ቡችላው በልጅቷ ጭን ላይ ተቀመጠ፣ መኪናው ሄደ።

በዚያ አጭር ንግግር ውስጥ የአንድን ውሻ ሙሉ ዕድሜ ሊያበላሹ የሚችሉ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የተዋሸው ዕድሜ ነው። ሁለተኛው በቅንነት የተሰጠው ምክር።

ምክሩ የሻጩ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ስንሰማው ነው ያደግነው። የጥበቃ ውሻ ከሰው ከተላመደ ይልሰለሳል ይባላል። ስለዚህ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፤ እንግዳ እንዳያይ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተጋረደ ጠባብ ማደሪያ ይሠራለታል። ሚጥሚጣ ቢበላ ኃይለኛ ይሆናል የሚሉ አሉ። ጆሮውን የሚቆርጡም አሉ። ይህን የሚያደርገው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨካኝ አይደለም፤ ቤቱንና ልጆቹን የሚጠብቅለት ውሻ ፈልጎ ነው። ግን በዚህ አስተዳደግ የሚወጣው ጠባቂ ሳይሆን ፈሪ ውሻ ነው፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ኳሱን ፍለጋ የገባውን የጎረቤት ልጅ ነው።

ይህ ከስልሳ ዓመት በፊት በሙከራ ታይቷል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የጃክሰን ላቦራቶሪ ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች እዚያ አምስት ዓይነት የውሻ ዝርያዎችን ከውልደታቸው ጀምሮ ይከታተሉ ነበር። በዚሁ ሥራ ውስጥ ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤልዮት የተባሉ ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ1961 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ሙከራ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

የኮከር ስፓንየልና የቢግል ቡችሎች ከእናቶቻቸው ጋር ከፍ ባለ አጥር በተከለለ ሜዳ ውስጥ ተቀመጡ። ምግብና ውሃ ይገባላቸዋል፤ ሰው ግን አያዩም። ከዚያ የተወሰኑት በሁለተኛው ሳምንታቸው፣ ሌሎቹ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በሰባተኛው ወይም በዘጠነኛው ሳምንታቸው ላይ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰው ጋር እንዲጫወቱ ተደረገና ወደ ሜዳው ተመለሱ። ጥቂቶቹ ደግሞ እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ የሰው እጅ ሳይነካቸው ቆዩ።

በሦስተኛውና በአምስተኛው ሳምንታቸው የወጡት ቶሎ ወደ ሰው ሄዱ። በሰባተኛውና በዘጠነኛው የወጡት መጀመሪያ ሸሹ፤ ቀስ በቀስ ግን ቀረቡ። እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ሰው ያላዩት ግን የዱር አውሬ ጠባይ ያዙ፤ ሰው ሲጠጋቸው ይሸሻሉ፣ በገመድ ሲያዙ ይታገላሉ። ከእነሱ አንዱን ከዚያ በኋላ ለወራት በእጅ እያበሉና እየዳሰሱ ለማላመድ ቢሞከርም የታየው ለውጥ ትንሽ ነበር። በጊዜው የተደረገ የአንድ ሳምንት ጨዋታ ያስገኘውን ነገር፣ ካለፈ በኋላ የመጣ የወራት ልፋት ሊያስገኘው አልቻለም።

ስኮትና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ቡችላ በቀላሉ የሚላመድበትን ይህን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ብለው ወሰኑት። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። ዓይኑ በሁለተኛው ሳምንት ይገለጣል፤ ጆሮው ጥቂት ቀን ዘግይቶ ይከፈታል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ያየውን ሁሉ ያሸታል፣ የሰማውን ሁሉ ይከተላል፤ ጉጉቱ ከፍርሃቱ ይበልጣል። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ፍርሃቱ በየቀኑ እያደገ ይሄድና ሦስት ወር ሲሞላው ሚዛኑ ይገለበጣል። እስከዚያ ድረስ ያየው ነገር «የዓለሜ አካል ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ያላየውን ደግሞ በሥጋት ያየዋል፤ ሥጋቱም ከዕድሜው ጋር እየጠነከረ ይሄዳል።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። ቡችላው በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ ተለይቶ ይመጣል። ልጆቹ ለጥቂት ቀናት ይጫወቱበታል፤ ከዚያ ሲሰለቻቸው ወይም ጫማ ማኘክ ሲጀምር ከጓሮ ይታሰራል። ከስድስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት የሚያየው የቆርቆሮ ግድግዳና ምግብ የምታቀርብለትን አንዲት ሴት ብቻ ነው። ሳናውቀው የባር ሃርበርን የአጥር ሙከራ በየጓሯችን እንደግመዋለን፤ ልዩነቱ የኛዎቹ ውሾች ወደ ላቦራቶሪ የማይመለሱ፣ ሕፃናት በሚሮጡበት ግቢ ውስጥ የሚኖሩ መሆናቸው ነው።

ስለተዋሸው ዕድሜም አንድ ነገር መባል አለበት። ቡችላ አፉን መቆጣጠር የሚማረው ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ሲታገል ነው። ጠንክሮ ሲነክስ ሌላው ይጮኽና ጨዋታው ይቆማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀለል ያደርገዋል። ይህን ትምህርት ሰው ሊተካው ይከብደዋል። በጣሊያን ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ሥራ ከ30 እስከ 40 ቀን ባለው ዕድሜያቸው ከእናታቸው የተለዩ 70 ውሾችን ሁለት ወር ሞልቷቸው ከተለዩ 70 ውሾች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቀድመው በተለዩት ላይ ፍርሃት፣ ከልክ ያለፈ ጩኸትና ንብረት ማበላሸት በብዛት ታይቷል። ለዚህ ነው ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ቡችላ አይወሰድ የሚባለው። በየመንገዱ ዳር የሚሸጡት ቡችሎች ግን አብዛኞቹ ያነሱ ናቸው፤ ትንሽና ቆንጆ ሲሆኑ ቶሎ ይሸጣሉና።

አንድ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ክትባት ልትሰጥ የመጣች ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከግቢው ጥበቃ ጋር ስትነጋገር ሰምቻለሁ። ጥበቃው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። አሥር ሳምንት የሆነው ቡችላ በበሩ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታስሯል፤ እሷን ሲያይ ወደ ኋላ ሸሽቶ ያጉረመርማል።

«አባባ፣ ይሄን ሕፃን ለምን አሰራችሁት?»

«ጠባቂ እንዲሆን ነዋ፣ ልጄ። ከሁሉ ጋር ካላገጠ ሌባ ሲመጣ ጭራውን ይቆላለታል።»

«እርስዎ ይህን ግቢ የሚጠብቁት ሰውን ሁሉ ስለሚፈሩ ነው?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ኧረ አይደለም። የቤቱን ሰው ከሌላው ስለምለይ ነው እንጂ።»

«እሱም እንዲለይ መጀመሪያ ብዙ ሰው ማየት አለበት፣ አባባ።»

ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። በክልሉ እንግዳ ሲያይ መጮኽ ውሻ እያደገ ሲመጣ ከተፈጥሮው የሚያወጣው ነገር ነው፤ ማንም አያስተምረውም። ልናስተምረው የሚገባን የተለመደው ነገር የትኛው እንደሆነ ነው። ውሃ ቆጣሪ አንባቢውን፣ በየማለዳው የሚያልፈውን ቆራሌ፣ ጃንጥላ የዘረጋችውን አሮጊት፣ ባጃጁን፣ በክራንች የሚሄደውን ሰውዬ በልጅነቱ ያወቀ ውሻ ማታ በአጥር ላይ የሚንጠላጠል ሰው ሲያይ የተለየ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ሁሉን የሚፈራ ውሻ ግን ቅጠል ሲንቀሳቀስም ይጮኻል፣ በረዶ ቆርቆሮ ሲመታም ይጮኻል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ እውነተኛው ሌባ ሲመጣ ማንንም ከአልጋ አያስነሳም።

ሐኪሟ ከዚያ ያደረገችው ነገር ቀላል ነበር። ሰንሰለቱን አስፈታች፤ ቡችላው ላይ አልዘመተችም። መሬት ላይ ዝቅ ብላ ፊቷን ወደ ጎን አድርጋ ተቀመጠችና ቁራሽ ዳቦ ከራሷ ራቅ አድርጋ ጣለች። በላ። ሁለተኛውን ቀረብ አድርጋ ጣለች። በላ። ከእጇ እስኪወስድ ድረስ አልነካችውም። ጥበቃው ባርኔጣቸውን እንዲያወልቁና እንዲያጠልቁ ጠየቀቻቸው፤ ባርኔጣው ብቅ ባለ ቁጥር ለቡችላው ቁራሽ ይደርሰዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባርኔጣው ሲነሳ ቡችላው ወደ እጇ መመልከት ጀመረ።

ማላመድ የሚባለው ይኸው ነው። ቡችላውን ገበያ መካከል ወስዶ መጣል አይደለም። በመርካቶ ግርግር የተንቀጠቀጠ ቡችላ የሚማረው ሰው የሚያስፈራ መሆኑን ነው፤ ከመታሰር የተሻለ አይደለም። ርቀቱን የሚመርጠው ቡችላው ራሱ ነው። ጭራው ከወደቀ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ከተለጠጠ፣ ምግብ እምቢ ካለ ነገሩ በዝቶበታልና ራቅ ማለት ያስፈልጋል። አዲስ ድምፅ ወይም አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ጥሩ ነገር ተከትሎ ይምጣ፤ ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ቤተ ሙከራው ከውሾቹ ምራቅ ያነበበው ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል። ሁለት ነገሮች ደጋግመው ተከታትለው ከመጡ የሁለተኛው ስሜት ወደ መጀመሪያው ይሻገራል። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ሕፃን በበሩ ባለፈ ቁጥር ዱላ የሚያርፍበት ውሻ የሚማረው ዝምታን አይደለም፤ ሕፃን ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ ነው።

ይህ ስለ ስሜት ነው። ትእዛዝ መስማት፣ ሲጠሩት መምጣት፣ አለመዝለል ደግሞ በሌላ መንገድ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ የተራቡ ድመቶችን ገመድ ሲሳብ ወይም መቀርቀሪያ ሲገፋ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ እያስገባ ለመውጣት የሚወስድባቸውን ጊዜ ለካ። ድመቶቹ ዘዴውን ድንገት አልተረዱትም፤ ያስወጣቸውን እንቅስቃሴ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ደገሙት። ውጤቱ ያማረ ድርጊት ይደገማል። ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህን ሕግ በአይጥና በርግብ አጠራው። ከእሱ የተማሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ የተባሉ ባልና ሚስት ደግሞ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ሥራ አደረጉት፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንስሳትን በሽልማት የሚያሠለጥን ኩባንያ አቋቋሙ፣ በኋላም በአርካንሳስ ግዛት ሆት ስፕሪንግስ ከተማ ዶሮ ፒያኖ ስትመታ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያይበት ቤት ከፈቱ። ዶሮን በዱላ ማስተማር አይቻልም፤ ትሸሻለች እንጂ። ዶልፊንም እንደዚያው፤ ከተቆጡት ዋኝቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሃዋይ ዶልፊን ታሠለጥን የነበረችው ካረን ፕራየር በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ዘዴ ለውሻ ባለቤቶች አደረሰች። ከዚያ በፊት የነበረው የውሻ ሥልጠና አብዛኛው ከጦር ሠፈር የመጣ ነበር፦ አንገት የሚያንቅ ሰንሰለት፣ መጎተት፣ መቅጣት።

የብሬላንዶች ትልቁ ግኝት ስለ ጊዜ ነው። እንስሳው ትክክለኛውን ነገር ባደረገባት ቅጽበት ምግቡ ላይደርስ ይችላል፤ ስለዚህ አጭር ድምፅ ቅጽበቷን ትያዝ፣ ምግቡ ይከተል። እነሱ በፉጨትና «ቀጭ» በሚል መሣሪያ ተጠቀሙ። አዲስ አበባ ላይ መሣሪያውን መፈለግ አያስፈልግም፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚነገር «ጎበዝ!» ይበቃል።

ቡችላው ቆሟል እንበል። በሁለት ጣት የተያዘች የተቀቀለ ጉበት ቁራሽ ከአፍንጫው በላይ ሆና ቀስ ብላ ወደ ራሱ ኋላ ትሄዳለች። ቡችላው ሊከተላት ቀና ሲል መቀመጫው ይወርዳል። መሬት ነካ፤ «ጎበዝ!»፤ ጉበቷ አፉ ገባች። ከተወሰነ ድግግሞሽ በኋላ እጁ ባዶ ሆኖ ያው እንቅስቃሴ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ነው «ቁጭ በል» የሚለው ቃል የሚጨመረው። ብዙ ሰው ከቃሉ ይጀምርና ውሻው ሳይገባው ሲቀር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ መቀመጫውን በእጁ ይጫነዋል። ቡችላው ግን አማርኛ አይችልም። መጀመሪያ ድርጊቱን ይወቅ፣ ስሙን በኋላ ይማራል።

ሽልማት ሲባል ምግብ ብቻ የሚመስላቸው ይሳሳታሉ፤ ሳያስቡት መጥፎውን የሚሸልሙትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቡችላ የእንግዳዋ ነጠላ ላይ ይዘላል። ሁሉም ይጮኻል፣ ይገፋዋል፣ ይስቃል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ለነበረ ቡችላ ግን ጩኸቱም ግፊያውም ጨዋታ ነው፤ ነገም ይዘላል። መፍትሔው ጀርባ ሰጥቶ ዝም ማለትና አራቱም እግሮቹ መሬት የነኩ ጊዜ ወዲያው ዝቅ ብሎ መዳበስ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ካደረገ ነገሩ በቀናት ውስጥ ይለወጣል። አንዱ የሚገፋ፣ ሌላው የሚያቅፍ፣ ሦስተኛው የሚመታ ከሆነ ግን መቼም አይለወጥም። በኛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚከብደው ቡችላውን ማስተማር ሳይሆን ጎልማሶቹን በአንድ ሐሳብ ማስማማት ነው።

«እንግዲያ ዕድሜ ልኬን ኪሴ ውስጥ ሥጋ ይዤ ልዙር?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አይደለም። አዲስ ነገር ሲማር በየጊዜው ይሸለማል፤ ካወቀው በኋላ አንዳንዴ ብቻ ይሸለማል። አንዳንዴ ብቻ የሚመጣ ሽልማት ልማዱን እንዲያውም ያጸናዋል፤ ስኪነርና ባልደረባው ፈርስተር ይህን በርግቦች ላይ በሰፊው አሳይተዋል። «ና» ለሚለው ጥሪ ግን እኔ ብሆን ሽልማቱን ፈጽሞ አላቋርጥም። በመኪና መንገድ ላይ ሕይወቱን የምታድነው ያቺ አንዲት ቃል ናት። ጠርቶ መምታት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ የተጠራው ውሻ መጣ፣ ተመታ፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም። ይህ ብልህነት እንጂ እልኸኝነት አይደለም።

ስለሚሰጠው ምግብ ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። በኛ ቤት ውሻ የሚበላው ብዙውን ጊዜ የወጥ ትርፍ ነው፤ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲበላ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ዘቢብ፣ ወይንና ቸኮሌትም ይመርዙታል፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ለሥልጠና ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ፣ ጉበት፣ ትንሽ አይብ ወይም ዳቦ በጥፍር ልክ ተቆርጦ ይበቃል።

ዱላው ይሠራል ብሎ የሚከራከር ሰው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይናገርም። ዱላ የሚታየውን ድርጊት ለጊዜው ያቆማል። ከፖርቱጋል የፖርቶ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት 92 ውሾችን ተከትሏል፤ 42ቱ በሽልማት፣ 50ዎቹ ደግሞ ቅጣትም በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ነበሩ። ቅጣት በበዛባቸው ላይ የጭንቀት ምልክቶች በብዛት ታዩ፤ ከሥልጠና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ የኮርቲሶል ሆርሞን ይበልጥ ከፍ አለ። ምግብ ይኑረው አይኑረው ወደማይታወቅ ሳህን ሲላኩም ቅጣት የበዛባቸው ቀስ ብለው ሄዱ፤ ጥሩ ነገር አይጠብቁም ነበር። በኔ አስተያየት ከዚህ የከፋው ማጉረምረምን መቅጣት ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አልሄደም። በሚቀጥለው ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል፣ ሰዎችም «ድንገት አበደ» ይላሉ።

«ውሻ አለቃውን ማወቅ አለበት» የሚለው እምነት የመጣው ከተኩላ ጥናት ነው። ሩዶልፍ ሼንከል እ.ኤ.አ. በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል መካነ እንስሳት ተዘግተው የሚኖሩ ተኩላዎች ለበላይነት ሲጣሉ ያየውን ጻፈ። ዴቪድ ሜክ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን በሰፊው አሰራጨው። ግን ሜክ ራሱ በሰሜን ካናዳ የዱር ተኩላዎችን ለዓመታት ከተመለከተ በኋላ በ1999 አረመው፦ የዱር ተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው፤ መሪዎቹም ወላጆች ስለሆኑ እንጂ ሌላውን ደብድበው አይደለም የሚመሩት። ሳይንቲስቱ የተወውን ሐሳብ የውሻ አሠልጣኞች እስካሁን ይዘውታል።

ሽልማት ተአምር አይሠራም። ዝርያ ኃይል አለው፤ ስኮትና ፉለርም በፍርሃትና በጠባይ በዝርያዎች መካከል ልዩነት አግኝተዋል። ጊዜው ያለፈበት ትልቅ ውሻም ቢሆን በትዕግሥት ብዙ ሊሻሻል ይችላል፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ነክሶ ከሆነም የባለሙያ እርዳታ ይፈልጋል። ደግሞ ይህ ሁሉ ውሻን ሳሎን ማስገባትን አይጠይቅም። በሃይማኖትም በንጽሕናም ምክንያት ውሻ ከቤት ውጭ እንዲኖር የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ውሻው በግቢ አድሮ፣ በግቢ በልቶ፣ በግቢ መማር ይችላል። የሚያስፈልገው በቀን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ዘዴው የሀብታም አገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ከተማ አፖፖ የተባለ ድርጅት ትላልቅ አይጦችን ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳ እንዲያሸቱ ያሠለጥናል። ገና ግልገል ሳሉ ከሰው እጅ፣ ከድምፅና ከልዩ ልዩ ቦታ ጋር ያላምዷቸዋል፤ ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅና ምግብ ይከተላል። ማጋዋ የተባለው አይጥ በካምቦዲያ በሥራ ዘመኑ 71 ፈንጂዎች አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020ም የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። በዚሁ መንገድ የሠለጠኑ አይጦች በአዲስ አበባም ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ጋር በመተባበር የአክታ ናሙና ሲያሸቱ ቆይተዋል። አይጥን በዱላ ማንም አላሠለጠነም።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው በሽታ እስከ 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከተነከሱት መካከልም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰው አይድንም ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ በሽታው ከሚበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት። በባሌ ተራሮች ከእረኞች ውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለውን ቀይ ቀበሯችንን ደጋግሞ ፈጅቷል። ሥርጭቱን ለማቋረጥ ከውሾች 70 ከመቶው መከተብ አለበት። ክትባቱ አለ፤ ዘመቻም ይደረጋል። ግን ለመከተብ ውሻው መያዝ አለበት። በክትባት ቀን ጎልማሶች በሁለት ወገን በገመድ ወጥረውት፣ አረፋ ደፍቆ የሚታገል ውሻ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ብዙ ባለቤት ደግሞ «አይያዝም» ብሎ ጭራሽ አያመጣውም። በልጅነቱ አንገቱን፣ እግሩንና ጆሮውን መዳሰስ የለመደ፣ በዳሰሱት ቁጥር ቁራሽ የሚያገኝ ውሻ ግን መርፌውን ሳያውቀው ይወስደዋል። ቡችላን ከሰው ማላመድ ከጤና ሥራ ተለይቶ መታየት የለበትም።

«ክትባቱ ሳያልቅ እንዴት ይውጣ?» ለሚለው ሥጋት የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 መልስ ሰጥቷል፦ ቡችሎች የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰዱ ከሰባት ቀን በኋላ ንጹሕ በሆነ ቦታ መማር ይችላሉ፤ ሁሉም ክትባት እስኪያልቅ ከተጠበቀ ዋናው ጊዜ ያልፋል። በኛ ከተማ የባዘኑ ውሾች በሚውሉበት መንገድ ላይ ቡችላውን መልቀቅ አይገባም፤ ታቅፎ መውጣት፣ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ማሳየት፣ የጎረቤት ልጆችን በአዋቂ ፊት አንድ በአንድ ማስተዋወቅ ግን ይቻላል።

ቡችላ ለማምጣት ያሰባችሁ ሁሉ፦ ጥርሱን አይታችሁ ስምንት ሳምንት ካልሞላው አትግዙት። በመጀመሪያው ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ያየው፤ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን አስከትቡ፣ ካርዱንም ያዙ። እስከዚያው ድረስ ሰንሰለቱን አትግዙ። ልጅ ከተነከሰ ደግሞ የታወቀ ውሻም ቢሆን፣ ጭረቱ ትንሽም ቢሆን፣ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ውሃና በሳሙና እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።